ቤታችሁ ተማሪ ታናሽ አለ? ስለ ፓስታው፣ ስለ ለስላሳውና ስለ ሩጫው

የአብዛኛው ተማሪ ምሳ ዕቃ ቢከፈት ፓስታ፣ ሩዝ፣ ዳቦ ወይ እንጀራ ነው። ሁሉም ካርቦሃይድሬት ናቸው። ሆድ ውስጥ ሲፈጩ ግሉኮስ የሚባል ስኳር ይሆኑና ደም ውስጥ ይገባሉ። ቆሽት ደግሞ ኢንሱሊን ያመነጫል፤ ኢንሱሊኑ ስኳሩን ከደም ወደ ጡንቻ ያስገባዋል።

እስከዚህ ምንም ችግር የለም። ችግሩ ጡንቻው ሥራ ፈት ሲሆን ነው። ቀኑን ሙሉ ክፍል፣ ከዚያ ሰርቪስ፣ ከዚያ ስልክ። ጡንቻ የሚያስቀምጠው ስኳር ልክ አለው፤ ሲሞላ ትርፉ ወደ ስብ ይቀየራል። ይሄ ለዓመታት ሲደጋገም ሰውነት ለኢንሱሊን መልስ መስጠት ይሰንፋል። ድሮ የትልልቅ ሰው በሽታ ይባል የነበረው ታይፕ 2 ስኳር አሁን በብዙ አገር ታዳጊዎች ላይም የሚታየው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

ደስ የሚለው ነገር፣ እየሠራ ያለ ጡንቻ ያለ ኢንሱሊንም ስኳር ከደም ይስባል። ከሩጫው በኋላም ቢያንስ ለአንድ ቀን ያህል ለኢንሱሊን ንቁ ሆኖ ይቆያል። ለዚህ ነው ቅዳሜ ብቻ ሦስት ሰዓት ኳስ ከመጫወት በየቀኑ ትንሽ መንቀሳቀስ የሚሻለው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ይላል።

"ሜዳው የት አለ?" ትላላችሁ፤ እውነት ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ በኪራይ ቪላ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ስንት ነው! ስኮትላንድ፣ ስተርሊንግ ውስጥ ግን አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ተማሪዎቹን በየቀኑ 15 ደቂቃ፣ በዩኒፎርማቸው፣ ያለ ውድድር ማስሮጥ ጀመረ። በ2018 የታተመ ጥናት የሚሮጡትን ከማይሮጡት ጋር ሲያነጻጽር የሚሮጡት ብቃታቸውም የሰውነት ስባቸውም ተሻሽሎ ተገኘ።

ምግቡስ? እንጀራ በምስር ወይ በሽሮ ፋይበርና ፕሮቲን ስላለው ስኳሩ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ለስላሳ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። 300 ሚሊ ሊትር ኮካ ውስጥ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለ፤ ወደ 8 የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። በቀን 1,600 ካሎሪ ለሚበላ ልጅ የድርጅቱ ጣሪያ 40 ግራም ነው። አንዷ ጠርሙስ አብዛኛውን ጨረሰችው።

ይሄን አንብባችሁ ግን የልጁን እንጀራ እንዳትቀንሱ፤ እያደገ ነው፣ ያስፈልገዋል። ደግሞ ልጁ ውሃ አልጠግብ ካለ፣ ሽንት ካበዛና እየበላ ከከሳ ነገሩ የስፖርት ጉዳይ አይደለም። ታይፕ 1 ስኳር ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ስኳሩን አስለኩት።