አውራ ጣቱ አፍንጫው ላይ የበቀለ አውሬ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 1853 ማታ፣ ከለንደን በስተደቡብ ባለችው ሲደንሃም 21 እንግዶች ለእራት የተቀመጡት አውሬ ሆድ ውስጥ ነበር። አውሬው ኢጓኖዶን ይባላል፤ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከምድር የጠፋ ዳይኖሰር ነው። ገበታው የቀረበው ሐውልቱን ለመሥራት በተዘጋጀው የቅርጽ ማውጫ ውስጥ ሲሆን፣ በአውሬው ራስ በኩል የተሰየመው የዘመኑ ታላቅ የሥነ አካል ሊቅ ሪቻርድ ኦወን ነበር። ጋባዡ ቀራፂ ቤንጃሚን ዋተርሃውስ ሆኪንስ ጥሪውን የላከው በጥንታዊ በራሪ አውሬ ክንፍ ሥዕል ላይ ጽፎ ነው። ሰውዬው የጋዜጣን ጉልበት ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ የእራቱ ሥዕል በሳምንቱ ታትሞ ወጣ።

ዛሬ ልጆች የማይጠግቡት የዳይኖሰር ፍቅር ከተጀመረባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ሲደንሃም ነው። “ዳይኖሰር” የሚለውን ስያሜ ኦወን ያወጣው በ1842 ነበር፤ ያኔ ግን ጉዳዩ የጥቂት ሊቃውንት ጨዋታ ነበር። ለ1851ዱ የለንደን ታላቅ ኤግዚቢሽን የተሠራው የመስታወት ቤተ መንግሥት ተነቅሎ ሲደንሃም ላይ ሲተከል፣ ባለቤቶቹ በግቢው ኩሬ ዳርቻ የጠፉ አውሬዎችን በቁመታቸው ልክ እንዲያቆም ሆኪንስን ቀጠሩት። እስከዚያ ድረስ ይህን የሞከረ ሰው አልነበረም።

ሥራው ከቅርጻ ቅርጽ ይልቅ የቤት ግንባታ ይመስል ነበር። ሆኪንስ ራሱ እንደተናገረው፣ ለአንዱ ኢጓኖዶን ብቻ አራት የብረት ምሰሶዎች፣ 600 ጡቦች፣ 900 ሸክላዎች፣ 38 በርሜል ሲሚንቶና 90 በርሜል የተሰባበረ ድንጋይ ገብቶበታል። አውሬው የቆመው በአራቱም እግሩ፣ እንደ ጎሽ ደንድኖ፣ አፍንጫው ላይ አንዲት ቀንድ ተሰክታበት ነው።

ስህተቱ ያለው እዚያች ቀንድ ላይ ነው። ኢጓኖዶንን በ1825 የሰየመው የሱሴክሱ ሐኪም ጊዲዮን ማንቴል በእጁ የነበሩት ጥርሶችና የተበታተኑ አጥንቶች ነበሩ። ከመካከላቸው አንዱ ሹል ሆኖ ሲያገኘው የአውራሪስ ዓይነት ቀንድ አድርጎ ገመተው። ኦወን ቀንዱን ቢጠራጠርም ሐውልቶቹ እንዳሉ ቀሩ። ማንቴል ራሱ ሐውልቶቹን አላየም፤ በ1852 ሞቷል።

ግቢው በጁን 1854 ንግሥት ቪክቶሪያ በተገኘችበት ተከፈተ። ሕዝቡ ጎረፈ፤ ልጆችም አብረው መጡ። ሁሉም ግን በደስታ አልመጡም። ፓንች የተባለው የቀልድ መጽሔት በ1855 ባወጣው ካርቱን፣ አንድ ትንሽ ልጅ በአሳዳጊው እጁን ተይዞ በአውሬዎቹ መካከል እየተጎተተ፣ ፊቱን በፍርሃት አጨማዶ ይታያል። በእኛ ዓይን ካየነው ያ ልጅ የተሰማው ስሜት ትክክለኛው ነው፤ መፍራትና መማረክ ከዚህ አውሬ ጋር ተለያይተው አያውቁም። ሆኪንስም ገበያው የት እንዳለ ስለገባው የአውሬዎቹን ትንንሽ ቅጂዎች ለትምህርት ቤቶችና ለቤት መሸጥ ጀመረ። የዛሬው የፕላስቲክ ዳይኖሰር የዘር ሐረጉ እዚህ ይደርሳል።

የቀንዱ ጉዳይ የተፈታው በ1878 ቤልጂየም ውስጥ ነው። በበርኒሳር መንደር የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች 322 ሜትር ጥልቀት ላይ አጥንት አገኙ፤ ከጉድጓዱ 30 ገደማ ኢጓኖዶኖች ወጡ፤ ብዙዎቹም ሙሉ ለሙሉ የሚባሉ ነበሩ። የቅሪተ አካል ተመራማሪው ሉዊ ዶሎ ሲያጠናቸው ሹሉ አጥንት ከአፍንጫ ላይ ወርዶ ትክክለኛ ቦታው ላይ አረፈ፤ የአውሬው አውራ ጣት ነበር።

ሆኪንስ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ወደ አሜሪካ አቅንቶ፣ በ1868 ፊላደልፊያ ውስጥ በዓለም የመጀመሪያውን የዳይኖሰር ሙሉ አጽም አቆመ። ኒውዮርክ ላይ ያሰበው ሙዚየም ግን አልሆነለትም። በ1871 በመዶሻ የመጡ ሰዎች ገና ያልተጠናቀቁትን ሐውልቶቹን ሰባበሩበት፤ ከከተማው ፖለቲካ ጋር የተያያዘ ጠብ ነበር።

የሲደንሃሙ የመስታወት ቤተ መንግሥት በኖቬምበር 1936 በእሳት ወደመ፤ አውሬዎቹ ግን ኩሬያቸው ዳር ቆመው ቀሩ። በ2007 የእንግሊዝ መንግሥት በከፍተኛው የቅርስ ደረጃ መዘገባቸው። በ2020 ሜጋሎሳውረስ የተባለው አውሬ የፊቱ ጫፍ ተሰብሮ ሲወድቅ፣ በማግሥቱ ዓመት የተተካለት በዘመናዊው እውቀት የታረመ ፊት አልነበረም፤ ባለሙያዎቹ ሆኪንስ የቀረጸውን የድሮውን ፊት ነው መልሰው የሠሩለት።