ኮምፒዩተር ትእዛዛችንን በሆዱ እንዴት ይይዛል?



እኛ የአዳማ ተማሪዎች ከመቂ የመጣውን ቲማቲምና ሽንኩርት ዋጋ ለኮምፒዩተር ነግረን፥ ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ «ድምር = ቲማቲም + ሽንኩርት» ብለን ብንጽፍ ሒሳቡን ያወጣልናል። አማርኛ የማያውቅ መሣሪያ ይህን እንዴት ተረዳ? መልሱ ታሪክ አለው፤ የምንጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1960 ጆን ማካርቲ የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ ስለ ሊስፕ ቋንቋ ባሳተሙት ጽሑፍ፥ ትእዛዝም እንደ ሌላው መረጃ ሁሉ በዝርዝር መልክ ሊቀመጥ እንደሚችል አሳዩ። በ1970ዎቹም በስዊስ አገር በዙሪክ ከተማ፥ ፓስካል የተባለው ቋንቋ ወደ አጫጭር ትእዛዞች እየተለወጠ በልዩ ልዩ መሣሪያዎች እንዲሠራ ተደረገ። ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሱም በ1991 ያወጡት ፓይተንም ይህንኑ መንገድ ተከተለ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አስተርጓሚው ፕሮግራም ጽሑፋችንን እንዳለ አይፈጽመውም። ስሞቹን በሰንጠረዥ መዝግቦ ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ ቲማቲም 0፥ ሽንኩርት 1፥ ድምር 2 ይሆናሉ። ከዚያም ዐረፍተ ነገሩን በአራት ትእዛዞች ይከፍለዋል፤ ይኸውም የ0ን ዋጋ አምጣ፤ የ1ን ዋጋ አምጣ፤ ደምር፤ ውጤቱን በ2 አኑር የሚሉ ናቸው። የመጡት ዋጋዎች እንደ ሳህን ይነባበራሉ፤ «ደምር» የሚለው ትእዛዝ የላይኞቹን ሁለቱን አንሥቶ በምትካቸው ድምሩን ያስቀምጣል። ትእዛዞቹ ራሳቸውም በቁጥር የተጻፉ ናቸው።

ሆኖም ፊደላችን የታወቀ ቁጥር ባይኖረው ኖሮ ስሞቻችን ከዚያ ሰንጠረዥ ባልገቡ ነበር። ቀድሞ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ለፊደሉ የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ስለ ነበር፥ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር። በ1999 ዩኒኮድ የተባለው የዓለም የፊደል መዝገብ የግዕዝን ፊደል ተቀበለ፤ ሀ 4608፥ ለ 4616 ሆኑ። በ2008 የወጣው ሦስተኛው ፓይተንም በዚህ ፊደል ስም ማውጣትን ፈቀደ።

ያም ሆኖ የፓይተን ቁልፍ ቃላት ዛሬም እንግሊዝኛ ናቸው። ነገር ግን ቃሉ አንድ ጊዜ ቁጥር ከሆነ በኋላ መሣሪያው ለማንም ቋንቋ አያደላም። ስለዚህ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ቃል የሚታዘዝ ቋንቋ ለመሥራት የሚያግደን የለም። ነገ ወደ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የምንዘልቅ ሁሉ፥ ይህ ሥራ የእኛ ድርሻ መሆኑን አንዘንጋ።