እምዬ እና የ1971ዱ ፊደል

የእምዬን አርባ ባለፈው ቅዳሜ አወጣን። ለቅሶ የደረሳችሁ፣ ከሩቅ የደወላችሁ ሁሉ ብድራችሁን እግዚአብሔር ይክፈል። ዛሬ የምጽፈው ግን ለምስጋና ብቻ አይደለም። ሳጥኗን ስንከፍት ከነጠላዋ ሥር አንድ ወረቀት አገኘን፤ የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀቷን። ስለዚያ ወረቀት ሳልጽፍ ብቀር እንቅልፍ የሚወስደኝ አልመሰለኝም።

እምዬ «የጣልያን ጊዜ ልጅ ነኝ» ነበር የምትለው። የተወለደችበትን ቀን የጻፈላት ሰው የለም። ደሴ፣ ሸዋ በር፣ ጠላ እየጠመቀች አምስት ልጅ አሳደገች። ፊደል ሳትቆጥር አርባ ዓመት ሞላት። ይሄ የእሷ ብቻ ዕጣ አልነበረም፤ አብዮቱ ሲፈነዳ ከመቶ ኢትዮጵያዊ ከ90 በላይ የሚሆነው ማንበብ አይችልም ነበር።

አለማንበብ ምን እንደሚያስከፍል ደግሞ በደንብ ታውቀዋለች። የአባቷ መሬት ሲከፋፈል አንድ ዘመድ «እዚህ ላይ ጣትሽን አኑሪ» አላት፣ አኖረች። ወረቀቱ ምን እንደሚል የገባት ድርሻዋ ከሄደ በኋላ ነው። «ያ ቀለም እስካሁን ከአውራ ጣቴ አልለቀቀም» ትል ነበር።

ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ ከተሞች ላይ ያተኮረ ነበር፤ ቀጥሎ ወደ ገጠር ወረደ። በአምስት ቋንቋዎች ተጀምሮ በኋላ አሥራ አምስት ደረሰ፤ ሁሉም የሚጻፉት በግዕዝ ፊደል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ዘመቻው በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ።

እምዬ ዘንድ ሲደርስ ዘመቻው የቀበሌ አዳራሽ፣ አግዳሚ ወንበርና ጠመኔ ነበር። ቀበሌው ቀሪ ይቆጥራል። እሷ ግን አንድም ቀን አልቀረችም። መምህሯ የወይዘሮ ስህን ተማሪ ነው፤ ዕድሜው ከበኩር ልጇ ያንሳል። እሷ ግን «ጋሼ» ነበር የምትለው። ሰዎች ሲስቁባት «ፊደል ያስቆጠረኝ ታላቄ ነው» ብላ ዝም ታሰኛቸዋለች።

መጽሐፉ ስለ አብዮቱና ስለ ማኅበር ያወራል። እምዬ የፈለገችው ዳዊቷን ማንበብና የጠላ ዱቤዋን መጻፍ ነበር። ሁለቱም ሆነላት። ዱቤውን በከሰል ግድግዳ ላይ ትጽፈዋለች፤ የከፈለውን ሰው ስም በእርጥብ ጨርቅ ታጠፋለች። ብዙ የዘመቻው ተማሪ የሚያነበው ነገር አጥቶ ፊደሉን መልሶ ረስቷል። እሷ ያልረሳችው በየቀኑ ስለምትጠቀምበት ይመስለኛል።

ከዚያ 1975 መጣ፤ ብሔራዊ ውትድርና ታወጀ። ቀበሌ የስም ዝርዝር ያዘ። ሦስተኛ ልጇ፣ አጎቴ፣ ከዝርዝሩ ውስጥ ነበረበት። ስሙን ሰሌዳ ላይ ራሷ አነበበችው። እናቴ ይሄን ስትነግረኝ ሁሌ ድምጿ ይቆረጣል። እምዬ ፊደል ባትቆጥር ኖሮ ያን ቀን ሌላ ሰው ይነግራት ነበር።

ወደ ሰሜን ዘመተ። እምዬም ሰው ሳትለምን በእጇ ደብዳቤ ጻፈችለት። እሱም መለሰ። ሦስት ደብዳቤዎቹ ከምስክር ወረቀቱ ጋር ተጠቅልለው ነው ያገኘናቸው፤ እጥፋታቸው ላይ ተበልተዋል። መጋቢት 1980 አፋቤት ወደቀ። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ አልመጣም። ግንቦት 1983 መንግሥት ተለውጦ የተበተነው ወታደር በደሴ ሲያልፍ፣ እምዬ መንገድ ዳር ውሃ ይዛ ቆማ የእያንዳንዱን ፊት ታይ ነበር። መርዶም አልተነገራት። ስለዚህ ለቅሶ አልተቀመጠችም።

አንድ ጊዜ፣ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ እየተማርኩ፣ «እምዬ፣ ግን ደርግን እንዴት ታዪዋለሽ?» አልኳት። ስንዴ እየለቀመች ነበር፣ ቀና እንኳ አላለችም። «ዓይኔን አበራልኝ። ልጄን ወሰደብኝ። አንዱን በአንዱ አላጣጣም።»

እኛ እዚህ ፌስቡክ ላይ ስለዚያ ዘመን ስንከራከር፣ አንዱ ወገን የዘመቻውን ቁጥር ይደረድራል፣ ሌላው የሟቹን። ሁለቱም እውነት ነው። አንደኛውን ለማጉላት ግን ሌላውን እናሳንሳለን። አንዲት ጠላ ሻጭ ሴት ሁለቱንም በአንድ ጨርቅ ጠቅልላ አርባ ዓመት አስቀምጣለች። እኔ ከአራት ዓመት የታሪክ ትምህርት ይልቅ ከዚህ ተምሬአለሁ።

አደራ የምላችሁ፦ እናታችሁ ወይም አያታችሁ የመሠረተ ትምህርት ወረቀት፣ የግንባር ደብዳቤ ካላቸው ሳይበላ ፎቶ አንሱት። ማን አስተማረሽ፣ መጀመሪያ ምን ጻፍሽ፣ ለማን ጻፍሽ ብላችሁ ጠይቋቸው። በሕይወት እያሉ።

ነፍስሽን በአጸደ ገነት ያኑርልኝ፣ እምዬ። አሁን የአጎቴን ነገር ከእኔ ቀድመሽ ታውቂያለሽ።