ኒኮላስ ካልዶር፦ የታዳጊ አገሮችን የግብር ሥርዓት ያጠኑ የምጣኔ ሀብት ሊቅ

ኒኮላስ ካልዶር (1908–1986) ትውልደ ሃንጋሪ የሆኑ እንግሊዛዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ናቸው። ከሚታወቁባቸው ሥራዎች አንዱ፣ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው አገሮች ለልማት የሚያስፈልጋቸውን ገንዘብ ከራሳቸው ምንጭ በፍትሐዊ ግብር እንዴት መሰብሰብ እንደሚችሉ ያደረጉት ጥናት ነው። በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ትምህርትና ሥራ

ካልዶር በቡዳፔስት ተወለዱ፤ በለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ተምረው እዚያው አስተማሩ። ከ1949 ጀምሮ ደግሞ በካምብሪጅ አገልግለዋል። ከ1951 እስከ 1955 የብሪታንያን የትርፍና የገቢ ግብር እንዲያጠና በተሰየመው ንጉሣዊ ኮሚሽን አባል ነበሩ።

የህንድ ጥናት

በ1956 ለህንድ መንግሥት ባቀረቡት ጥናት የገቢ፣ የካፒታል ዋጋ ዕድገት፣ የሀብት፣ የስጦታና የግል ወጪ ግብር በአንድ የግብር ማስታወቂያ ላይ እንዲጠቃለሉ ሐሳብ አቀረቡ። ዓላማው አንዱ መረጃ ሌላውን እንዲያረጋግጥ ነበር፤ ለምሳሌ ሻጭ የደበቀውን ሽያጭ የገዢው ማስታወቂያ ያጋልጠዋል። በምላሹም ከፍተኛው የገቢ ግብር ምጣኔ ወደ 45 በመቶ ዝቅ እንዲል መከሩ።

ህንድ የሀብት፣ የወጪና የስጦታ ግብርን በሕግ ብትደነግግም ከፍተኛውን ምጣኔ በተመከረው ልክ አልቀነሰችም፤ በርካታ ነጻ መብቶችም ተፈቀዱ። የወጪ ግብሩ በ1962 ተሽሮ በ1964 ዳግም ቢታወጅም በ1966 ሙሉ በሙሉ ቀረ።

በጋናና በብሪቲሽ ጊያና የታየው ተቃውሞ

ካልዶር በ1961 ጋናንና ብሪቲሽ ጊያናን አማክረዋል። በጋና በዚያው ዓመት ከታወጀው በጀት እርምጃዎች አንዱ ከደመወዝ የሚቆረጥ አስገዳጅ ቁጠባ ነበር፤ በሴኮንዲ ታኮራዲ የባቡርና የወደብ ሠራተኞችም ሥራ አቆሙ። በብሪቲሽ ጊያና ደግሞ የ1962ቱን በጀት ተከትሎ በየካቲት ወር በጆርጅታውን ሁከትና ቃጠሎ ደረሰ።

የጥናቱ ፍሬ ነገር

ካልዶር በ1963 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ያላደጉ አገሮች ግብር መሰብሰብን ይማሩ ይሆን ሲሉ ጠየቁ። እንደ ጽሑፉ፣ እነዚህ አገሮች በተለምዶ ከብሔራዊ ምርታቸው ከ8 እስከ 15 በመቶ ሲሰበስቡ ያደጉት አገሮች ከ25 እስከ 30 በመቶ ይሰበስቡ ነበር። ልዩነቱ ከድህነት ብቻ የመጣ ሳይሆን፣ ባለመሬቶችና ባለሀብቶች በአግባቡ ግብር እንዳይከፍሉ ከሚያደርግ የፖለቲካ ኃይልና ከግብር አስተዳደር ድክመትም ጭምር መሆኑን አስረዱ። ስለዚህ ብቃትና ሐቀኝነት ያላቸው፣ ተገቢ ክፍያ የሚያገኙ የግብር ሠራተኞች እንዲኖሩ አሳሰቡ።

ለግብር ከፋዩ ያለው ትርጉም

ከዚህ ታሪክ እንደሚታየው በደንብ የተረቀቀ የግብር ሕግ ብቻውን ገቢ አያስገኝም። ትክክለኛ መረጃ፣ ብቁ አስተዳደርና ሸክሙ በእኩልነት መከፋፈሉን የሚያምን ሕዝብ ያስፈልጉታል። ደረሰኝ መስጠትና መቀበል፣ የሂሳብ መዝገብ በአግባቡ መያዝ፣ ገቢንም በትክክል ማስታወቅ ግብሩ በታማኞች ትከሻ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ያግዛሉ።