የፋይል ዝውውርና የፊደል ዕጣ፤ ከከርሚት እስከ ዩኒኮድ

1. መግቢያ

የአንድ ድርሰት ታሪክ የቅጅዎቹም ታሪክ ነው። ብራና ከደብር ደብር ሲገለበጥ ቃል ይገደፋል፤ ፊደል በፊደል ይተካል፤ አጥኚውም ቅጅዎቹን እያስተያየ ትክክለኛውን ንባብ ይፈልጋል። ጽሑፍ ከአንድ ዓይነት ኮምፒዩተር ወደ ሌላ ዓይነት ሲዛወርም ተመሳሳይ ችግር ይገጥማል። ይህ መጣጥፍ የዝውውሩን ታሪክ በአጭሩ እየቃኘ፣ ፋይልን ሳያጎድሉ ማድረስና ጽሑፉን እንዲነበብ አድርጎ ማድረስ የተለያዩ ተግባራት መሆናቸውን ለማሳየት ይሞክራል።

2. የከርሚት ደንብ

በኒው ዮርክ የሚገኘው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሥራቸውን በትላልቅ የጋራ ኮምፒዩተሮች ላይ ያስቀምጡ ነበር። ቦታው ውስን በመሆኑ ፋይሎቹን ወደ ትንንሽ ኮምፒዩተሮች አዛውሮ በፍሎፒ ዲስክ ማኖር አስፈለገ። ይሁን እንጂ መሣሪያዎቹ የልዩ ልዩ ኩባንያዎች ሥራ ስለነበሩ እርስ በርስ አይግባቡም። ለአብነት ያህል፣ የላቲኑ ትልቁ «ኤ» በአስኪ ሥርዓት ቁጥሩ 65 ሲሆን፣ የአይቢኤም ትላልቅ ኮምፒዩተሮች በሚጠቀሙበት በኤብሲዲክ ግን 193 ነው። ፍራንክ ዳ ክሩዝና ቢል ካቺንግስ በ1981 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ከርሚት የተባለውን የመግባቢያ ደንብ ያወጡት ለዚህ ነበር።

በዚህ ደንብ መሠረት ፋይሉ በትንንሽ ጥቅሎች ተከፋፍሎ ይላካል። እያንዳንዱ ጥቅል ተራ ቁጥርና የመፈተሻ ድምር ይይዛል። ተቀባዩ ድምሩን በራሱ አስልቶ ከተስማማለት መድረሱን ያስታውቃል፤ ካልተስማማለት ጥቅሉ እንደገና እንዲላክለት ይጠይቃል። ብዙ ፋይሎች በአንድ ትእዛዝ ሲላኩም ሥርዓት አላቸው። በመጀመሪያ የፋይሉን ስም የያዘ ጥቅል ይቀድማል፤ ይዘቱ ይከተላል፤ የፋይሉ ማብቂያ ይመጣል፤ ከዚያም የሚቀጥለው ፋይል ስም ይነሣል። የመጨረሻው ጥቅል የጠቅላላው ዝውውር ማብቂያ ነው። ጽሑፍ ከሆነም ላኪው ፊደሉን ወደ ጋራው አስኪ፣ ተቀባዩም ከአስኪ ወደራሱ ሥርዓት ይመልሰዋል።

3. የግዕዝ ፊደል ችግር

እንግዲህ መፍትሔው የቆመው ሁለቱም ወገኖች በሚያውቁት የጋራ ፊደል ላይ ነው። አስኪ ግን 128 ምልክቶች ብቻ ያሉት፣ ለእንግሊዝኛ የተበጀ ሥርዓት ነው። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ አንድ ባይት ከሚይዛቸው 256 ቁጥሮች ያልፋሉ። ስለሆነም የአማርኛ ፕሮግራም አዘጋጆች በየፊናቸው ዘዴ ፈጠሩ፤ አንዳንዱ ፊደሉን ለሁለት ከፍሎ አስቀመጠ፤ ሌላው ፊደሉን ከቅንጣቶች ገጣጠመ። በዚህም ምክንያት አንድ ልቦለድ ከባይቶቹ አንድም ሳይጎድል ደርሶ፣ በሌላ ፕሮግራም ሲከፈት የማይነበብ የምልክት ክምር ይሆን ነበር።

በ1990ዎቹ የተሠራበት ሴራ የተሰኘው ዘዴ የግዕዝን ፊደል በአስኪ ምልክቶች ወክሎ እንዲጓዝ አስችሏል። «ተ» በትንሹ፣ «ጠ» በትልቁ የላቲን «ቲ» ይወከላሉ። «ሠ»ና «ሰ»ም በየራሳቸው ምልክት ተለይተዋል። ይህ ለሥነ ጽሑፍ አጥኚ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በግዕዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» ግን የሌብነት ቃል ነው። ሁለቱን ፊደላት አንድ አድርጎ የሚገለብጥ ፕሮግራም ልዩነቱን ያጠፋዋል።

በ1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ምልክቶችን መዝግቧል። «ሠ» 4640፣ «ሰ» 4656 ሆኑ፤ ቁጥሮቹም በየትኛውም ኮምፒዩተር አንድ ናቸው።

4. ማጠቃለያ

ከዩኒኮድ በፊት የተጻፉት ፋይሎች ግን በራሳቸው ጊዜ አይለወጡም። እያንዳንዱ የቀድሞ ፕሮግራም የራሱን የመለወጫ ሰንጠረዥ ይሻል፤ ሰንጠረዡ ሁለት ፊደላትን ወደ አንድ ከጨፈለቀ፣ ከተለወጠው ቅጅ ብቻ ዋናውን ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ የደራስያንን የድሮ ፋይሎች የሚሰበስብ ተመራማሪ ሦስት ነገሮችን ሊያደርግ ይገባል። አንደኛ፣ የመጀመሪያውን ፋይል ሳይነካ ያስቀምጥ፤ ሁለተኛ፣ የተጻፈበትን ፕሮግራምና የፊደል ቅርጽ ስም ይመዝግብ፤ ሦስተኛ፣ የተለወጠውን ቅጅ ከታተመው መጽሐፍ ወይም ከእጅ ጽሑፉ ጋር ያስተያይ። የብራና አጥኚ ለቅጅ የሚያደርገው ጥንቃቄ ለፋይልም ያስፈልጋል።