ጥጡ ሲወጣ ጨርቁ ሲገባ፦ ከአዋሽ ሰባት እስከ ሰመራ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ የከባድ መኪና ሹፌር አዋሽ ሰባት ሲደርስ ጂንሱን አውልቆ ሽርጥ ያገለድማል። ጂንስም ሽርጥም ብዙውን ጊዜ ጥጥ ናቸው፤ ልዩነቱ ሽመናው ላይ ነው። ጂንስ በሰያፍ ጠብቆ የተሸመነ፣ ወፍራም፣ አንዴ ላብ ከጠጣ በቀላሉ የማይደርቅ ነው። ሽርጥ ስስ ነው፣ ልቅ ነው፣ ነፋስ ከታች ያስገባል። ወደ አንድ ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ካለችው አዋሽ ከተማ ተነስቶ ገዋኔን፣ ሚሌንና ሎግያን አልፎ ሰመራ እስኪገባ ድረስ መሬቱ ከግማሽ በላይ ዝቅ ይላል። በግንቦትና በሰኔ ደግሞ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይዘላል። በዚህ መንገድ ላይ ጨርቅ የማማር ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ይህ የአዋሽ ሸለቆ የአገሪቱን ፋብሪካዎች ለአሥርት ዓመታት በጥጥ ሲቀልብ ኖሯል። የራሱን ልብስ ግን ዛሬም የሚገዛው ከወደብ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የመርከበኞች መምሪያ፣ አዱሊስ ወደብ ከሚራገፉት ሸቀጦች መካከል የግብፅን ጨርቅና የህንድን የጥጥ ልብስ ይቆጥራል። ደገኛው ግን የራሱን መሸመንም ያውቅበት ነበር። ፍሬውን በመዳመጫ አውጥቶ፣ በደጋን ነድፎ ባዘቶ አድርጎ፣ በእንዝርት ፈትሎ፣ ድርና ማጉን አገናኝቶ ነጠላ፣ ኩታ፣ ጋቢና ቡልኮ አወጣ። አራት እጥፍ የሆነው ጋቢ ለደብረ ብርሃን ውርጭ የተፈጠረ ነው፤ ሰመራ ላይ ለሽማግሌ ክብር ከመስጠት ያለፈ ሥራ የለውም። ሱፍንማ ባናነሳው ይሻላል።

ቆለኛው አፋር ሌላ መንገድ ያዘ። ሰናፊል የሚሉት ከወገብ በታች የሚታጠቅ ጨርቅ አለ። በልማዱ የወንዱ ነጭ ነው፤ የሴቷ በዛፍ ቅርፊት ተነክሮ ቡናማ ይሆናል። አይሰፋም፣ ቁልፍ የለውም፣ ወገብ ላይ ተጠቅልሎ ይጠበቃል። የወንዱን በቀበቶ አስረው ጊሌ የሚሉትን ጩቤ ይሻጡበታል። ከብት ተከትሎ ለሚውል ሰው ከዚህ የተሻለ ልብስ አላውቅም፤ ማታ ደግሞ ተፈትቶ መደረቢያ ይሆናል። ባለትዳሯ ሴት ራሷ ላይ ጥቁር ሻሽ ትጥላለች። ከደጋ የሚወርደው እንግዳ ይህን ሲያይ “በዚህ ሐሩር ጥቁር?” ብሎ ይደነቃል።

መደነቁ አይፈረድበትም፤ ሳይንቲስቶችም ተደንቀው ነበር። የሲና በረሃ ቤዱዊኖች ለምን ጥቁር ቀሚስ እንደሚለብሱ የመረመረ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1980 ኔቸር በተባለው መጽሔት ወጥቷል። ጥቁሩ ቀሚስ ከነጩ ይልቅ የፀሐይን ግለት ይስባል። ነገር ግን ልብሱ ሰፊና ልቅ ስለሆነ፣ በጨርቁና በገላው መካከል የሚመላለሰው አየር ትርፉን ግለት ቆዳ ላይ ሳይደርስ ይዞት ይወጣል። ስለዚህ ጥቁር የለበሰውና ነጭ የለበሰው ሰው ቆዳቸው ላይ የሚያርፈው ሙቀት እኩል ሆኖ ተገኘ። ቁም ነገሩ ቀለሙ ሳይሆን ልቅነቱ ነው። ጠባብ ጥቁር ቲሸርት አድርጎ ሎግያ መናኸሪያ የሚቆም ወጣት ይህን በገላው ያውቀዋል።

በባህር የመጣው ጨርቅ ንጉሥ አቡጀዲ ነበር። ከ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሰሜን አሜሪካ ፋብሪካዎች ያልነጣ ወፍራም የጥጥ ጨርቅ በመርከብ ጭነው ወደ ዛንዚባርና ወደ ቀይ ባሕር ያመጡ ጀመር። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1861 እርስ በርስ ሲዋጉ የህንድ ጨርቅ ቦታውን ተጋራ፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና 30ዎቹ ደግሞ የጃፓን ርካሽ አቡጀዲ የኢትዮጵያን ገበያ ጠቀለለው። ከታጁራ ተነስቶ በአፋር ምድር አቋርጦ ሸዋ የሚወጣው ሲራራ ነጋዴ ጨርቅ ለሽያጭ ብቻ አልያዘም፤ የማለፊያ እጅ መንሻም በጨርቅ ይከፈል ነበር። አቡጀዲ ቀሚስ ሆነ፣ ድንኳን ሆነ፣ የፍራሽ ልባስ ሆነ፣ በመጨረሻም ከፈን ሆነ። ዛሬ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በመጨረሻው ሥራው ብቻ ነው፤ ያ ግፍ ይመስለኛል።

ባቡሩ የግመሉን መንገድ ቀየረው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ አዋሽ የማደሪያና የመራገፊያ ጣቢያ ሆና ከተማነቷን አገኘች። ከዚያ በኋላ ጣቃ ጨርቅ በግመል ሳይሆን በፉርጎ ነበር የሚወጣው።

አሁን ወደ ጥጡ። ጥጥ ሙቀት ይወዳል፣ ውሃም ይፈልጋል፤ የማይወደው የተከፈተ ፍሬ ላይ የሚወርድ ዝናብን ነው፤ ያበላሸዋል፣ ያጠቁረዋል። አዋሽ ሸለቆ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ፀሐይ ከላይ፣ መስኖ ከታች። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ተሠርቶ የወንዙን ሙላትና ጉድለት ሲያስታርቅና የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ሲቋቋም ትላልቅ እርሻዎች መጡ። ሚቼል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ዱብቲን ማዕከል አድርጎ ተንዳሆ ላይ ተከለ። በመካከለኛው አዋሽ አሚባራና መልካ ሰዲ ተከተሉ፣ ወረር ላይም የጥጥ ምርምር ተጀመረ። የአውሳው ሱልጣን አሊ ሚራህ ሐንፈሬም ቆመው አላዩም፤ አሳይታ አካባቢ ራሳቸውም ሌሎች አፋሮችም ጥጥ አለሙ። ለቀማ ሲደርስ ከወሎና ከወላይታ ሠራተኛው እየጎረፈ ወባ እየበላው ለቀመ። አፋሩ በበኩሉ በበጋ ከብቱን የሚያሳርፍበትን የወንዝ ዳር ሣር አጣ። ያ ነጭ ጥጥ ሁለቱንም ወገን ዋጋ አስከፍሏል። በ1967 ዓ.ም. እርሻዎቹ በመንግሥት ተወረሱ፣ ሱልጣኑም ተሰደዱ።

ከ100 ኪሎ ጥሬ ጥጥ መዳመጫው የሚያወጣው ንጹሕ ጥጥ ብዙውን ጊዜ ከ40 ኪሎ አይበልጥም። የቀረው ፍሬ ነው፤ ዘይት ይጨመቅበታል፣ ፋጉሎው ለከብት ይሆናል። ንጹሑ ጥጥ በቦንዳ ታስሮ ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ አቃቂ፣ ወደ ባሕር ዳር፣ ኋላም ወደ ኮምቦልቻ ይወጣ ነበር። በተቃራኒው አቅጣጫ ከጅቡቲ በኩል ሌላ ቦንዳ ይገባል፤ ሰልባጅ። ልባሽ ጨርቅ ማስገባት በሕግ ክልክል ቢሆንም የሚሌና የአዋሽ ኬላዎች የዕለት እንጀራቸው ከእሱ ጋር መታገል ነው። ከሰልባጁ ጎን የእስያ አዲስ ጨርቅ አለ፤ ለሠርግ የሚለበሰው ሳሳ ያለ ድሪያ፣ አብረቅራቂው ሻሽ፣ ባለመስመሩ ሽርጥ። ድሪያውና ሻሹ በአብዛኛው ፖሊስተር ናቸው።

ፖሊስተር ከነዳጅ ዘይት የሚወጣ ክር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1941 እንግሊዝ ውስጥ ተፈለሰፈ። እኛ ቴትሮን ያልነው የጃፓን ኩባንያዎች በሰጡት የንግድ ስም ነው። አይጨማደድም፣ ቀለሙ አይለቅም፣ ርካሽ ነው፣ ታጥቦ ወዲያው ይደርቃል። ለአንዲት ውሃ በጄሪካን ለምታመጣ እናት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ጉድለቱ ላብ ላይ ነው። ጥጥ በተለመደ አየር ውስጥ ከክብደቱ 8 በመቶ ያህል እርጥበት በውስጡ ይይዛል፤ ፖሊስተር ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ላቡ ጨርቁ ላይ ተንጠልጥሎ ገላ ላይ ይለጠፋል። ቪስኮስ የሚባለው ደግሞ ከእንጨት አሰር የሚሠራ ነው፤ እርጥበት ከጥጥም በላይ ይጠጣል፣ ግን ሲረጥብ ይደክማልና ካሹት ይቀደዳል። ጥጥ በተቃራኒው ሲረጥብ ይጠነክራል፤ ድንጋይ ላይ ደጋግሞ ቢደበደብ የሚችለው ለዚህ ነው።

ገበያ ላይ ሻጩ ሁሉ “ንጹሕ ጥጥ ነው” ይላል። ጨርቅ የሚያውቁ ሴቶች ግን አፉን አያዳምጡም። ከጫፉ አንድ ክር መዘው ክብሪት ያስነኩታል። ጥጥ እንደ ወረቀት ቦግ ብሎ ይነዳል፣ የወረቀት ሽታ አለው፣ በጣት ሲያሹት የሚበን ግራጫ አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ከእሳቱ ሸሽቶ ይኮማተራል፣ ይቀልጣል፣ ሲበርድ ጥፍር የማይሰብረው ጥቁር እንክብል ይሆናል። ሱፍ ከሆነ ፀጉር ፀጉር ይሸታል። ቅልቅሉ ሁለቱንም ይሠራል፤ ይነዳልም፣ ይቋጠራልም። የዚህ ፈተና ሌላም ትምህርት አለው። ምድጃ አጠገብ የሚውል ሰው የቀለጠ ጨርቅ ቆዳ ላይ ሲጣበቅ ምን እንደሚያደርግ ያስብበት።

ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ የተንዳሆ የጥጥ መሬት ለሸንኮራ አገዳ ተሰጠ። ጥጡ ፈጽሞ አልጠፋም፤ አሚባራና ወረር ዛሬም ይተክላሉ። አገሪቱም በ2008 ዓ.ም. የተመረቀውን የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጨምሮ የልብስ ፋብሪካ በየቦታው አቁማለች፤ ሰመራም የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። ይሁንና ለውጭ ገበያ የሚሰፋው ልብስ በአብዛኛው ከውጭ በመጣ ጨርቅ የሚሰፋ ነው። በእኔ ግምት ትልቁ ቀዳዳ እርሻውም ስፌቱም አይደለም፤ መካከሉ ነው፤ ፈትሉ፣ ሽመናውና ማቅለሙ።

ያ እስኪሞላ ፋብሪካ የማይጠይቅ አንድ ነገር አለ። በአዋሽ፣ በገዋኔ፣ በሚሌና በሰመራ ለተማሪ፣ ለጥበቃና ለጤና ሠራተኛ የደንብ ልብስ የምትገዙ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ የጨረታ ሰነዳችሁ ላይ ከቀለሙና ከመጠኑ ጎን የጨርቁን ዓይነት ጻፉ፤ ጥጥ፣ ስስ፣ ልቅ ስፌት። ናሙናው ሲቀርብላችሁም ክብሪት ይዛችሁ ግቡ።