የሰማይ ምርምር ወጪውን ማን ከፈለ? መዝገቡስ የት ቀረ?

ከትምህርት ቤቱ የታሪክና የሳይንስ ክበብ ተማሮች

ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት፥ እኛ የክበቡ ተማሮች ብዙ ስላልተጻፈበት አንድ ጉዳይ ጥቂት ለመጻፍ ተነሥተናል። ጉዳዩም ስለ ፈለኮችና ስለ ምድራችን ጠባይ የሚደረገው ምርምር በጎጃምና በመላው አገራችን ያለፈበት መንገድ ነው። ይህን የመረጥንበት ምክንያት አለን። ከመካከላችን አንዱ ተማሪ ሥነ ፈለክ መማር እንደሚፈልግ በቤቱ ሲናገር፥ ወላጅ የሚመልስለት ጥያቄ የታወቀ ነው፤ «ልጄ፥ ይህ ምን እንጀራ ይሆናል?» ይባላል። ጥያቄው የሚያስቀይም አይደለም፤ መልስ የሚገባው ነው። ስለዚህ መልሱን ከታሪክ ለመፈለግ ሞክረናል።

አስቀድመን አንድ ነገር እንለይ። ሥነ ፈለክ ኮከብ ቆጠራ አይደለም። ኮከብ ቆጣሪ የሰውን ዕድል እነግራለሁ ይላል፤ የሥነ ፈለክ ሊቅ ግን የሰማይ አካላትን አካሄድ ይለካል፥ ይመዘግባል፥ ያሰላል። ደግሞም አንባቢ እንዳይሳሳት፥ «ዓ. ም.» ከሚል በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን እናስታውቃለን።

በቁራሽ የተገኘ ሒሳብ

በአገራችን የሰማይን አካሄድ የማስላት ትምህርት የተጀመረው በዘመናዊ ትምህርት ቤት አይደለም። በጎጃም አድባራትና ገዳማት ባሕረ ሐሳብ ሲሰጥ ኖሯል። ይህ ትምህርት በ19 የፀሐይ ዓመታት ውስጥ 235 ጊዜ ጨረቃ እንደምትወለድ በሚያሳይ ሒሳብ ላይ የቆመ ነው።

አንድ ምሳሌ እንስጥ። የ2017 ዓ. ም.ን አበቅቴ ለማግኘት 5500 ተጨምሮበት 7517 ይሆናል። ይህ በ19 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፤ አንዱ ስለ ዘመኑ ሲተው 11 ወንበር ሆኖ ይቀራል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ 1 አበቅቴ ይገኛል። እንደዚሁም በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ 29 መጥቅዕ ይሆናል። አበቅቴና መጥቅዕ ቢደመሩ 30 ናቸው። ነነዌም፥ ዐቢይ ጾምም፥ ፋሲካም የሚውሉበት ቀን ከዚህ ተነሥቶ ይታወቃል።

ታዲያ ለዚህ ትምህርት ወጪውን ማን ከፈለ? መምህሩ ከደብሩ መሬት ይተዳደር ነበር፤ ተማሪው ደግሞ ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን ይዞ፥ ውሻ እየተከላከለ ከየደጁ ቁራሽ ይለምን ነበር። ስለዚህ የትምህርቱን ወጪ የቻለው ገበሬው ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ዕውቀቱም ከዚያው አልወጣም፤ በዓሉን የሚያከብረው ያው ገበሬ ተጠቀመበት። ከፋዩና ተጠቃሚው አንድ ነበሩ ማለት ነው። ወደ ፊት ከሚመጣው ጋር ለማመዛዘን ይህን ነገር አንባቢ እንዲያስታውሰው እንለምናለን።

በግሽ ዓባይ ላይ የታየው መሽተሪ

በ1770 በኅዳር ወር ጄምስ ብሩስ የተባለ የስኮትላንድ ሰው ወደ ሰከላ መጥቶ ግሽ ዓባይን አየ። ከእርሱ በፊት በ1618 ፔድሮ ፓኤዝ ያየው በመሆኑ የመጀመሪያው አውሮፓዊ አልነበረም። ነገር ግን ብሩስ መነጽርና ኳድራንት የሚባለውን የሰማይ መለኪያ ይዞ ነበር። ለጉዞው የሚያወጣው ገንዘብ አብዛኛው ከርስቱ የሚያገኘው የራሱ ሀብት ሲሆን፥ ኳድራንቱን የሰጠው የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 15ኛ ነው።

ብሩስ በግሽ ሆኖ የተመለከተው መሽተሪን፥ ማለት ጁፒተርን ነው። መሽተሪን ከሚዞሩት ጨረቃዎች አንዱ ወደ ጥላው ሲገባ ከምድር ሁሉ የሚታየው በአንድ ቅጽበት ነው። በአውሮፓ የታተመው ሰሌዳ ይህ በዚያ አገር ሰዓት መቼ እንደሚሆን ይናገራል። ተመልካቹ በቆመበት ቦታ ስንት ሰዓት እንደሆነ ለክቶ ከሰሌዳው ጋር ሲያነጻጽር ልዩነቱን ያገኛል። ምድር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር፥ የ2 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ልዩነት 37 ዲግሪ ይሆናል። ግሽ ዓባይም ከግሪኒች በስተምሥራቅ ወደ 37 ዲግሪ ገደማ ነው። እንግዲህ የዓባይ ምንጭ በካርታ ላይ ቦታውን ያገኘው በፈለክ ምርምር መሆኑን ልብ ይሏል።

ብሩስ ሲመለስ የያዘው የልኬት ወረቀት ብቻ አልነበረም። የመጽሐፈ ሄኖክን ሦስት ቅጂዎች ይዞ በ1773 አውሮፓ ደረሰ። ይህ መጽሐፍ ምሉ ሆኖ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ሲሆን፥ ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ስለ ብርሃናት አካሄድ የሚናገር ነው። ከቅጂዎቹ አንዱ በፓሪስ በንጉሡ ቤተ መጻሕፍት ገባ፤ ሌላው በኦክስፎርድ ይገኛል። ብሩስ የጉዞውን መጽሐፍ በ1790 አሳተመ። እነሆ፥ ሰማዩ የጎጃም፥ መጽሐፉ የኢትዮጵያ ሲሆን፥ መዝገቡ ከባሕር ማዶ ቀረ።

ሁለቱ ወንድማማቾች

ከብሩስ በኋላ በ1838 አንቷንና አርኖ ዳባዲ የተባሉ ወንድማማቾች ምጽዋ ገቡ። አርኖ ከጎጃሙ ከደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ጋር ወዳጅ ሆነ። አንቷን ግን ማዕዘን መለኪያውን ይዞ ከተራራ ተራራ እየተዘዋወረ፥ ያንዱን ጫፍ ከሌላው እያነጻጸረ አገሩን ለካ። ይህ ሰው ከአሥር ዓመት ያላነሰ ጊዜ በራሱ ሀብት ሠርቶ፥ ልኬቱን በአገሩ አሳተመ። የሰበሰባቸው 234 የብራና መጻሕፍትም ዛሬ በፓሪስ ይገኛሉ።

በፈረንሳይ ባሕር ዳርቻ ያሠራው ቤት የሰማይ መመልከቻ ነበረው፤ በቤቱ ውስጥ የአማርኛ ጽሑፍ ተጽፎበታል። ቤቱን ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ሲያወርስ፥ በ50 ዓመት ውስጥ የግማሽ ሚሊዮን ከዋክብት መዝገብ እንዲዘጋጅ የሚል ግዴታ አስገባበት። ከዚህ የምንማረው ቁም ነገር አለ። ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ሥራውንም ይወስናል፤ ብርቱ ተቋም ግን ግዴታውን ለትውልድ ወደሚጠቅም መዝገብ ሊለውጠው ይችላል።

መዝገቡ ወደ አገር ሲመለስ

ነገሩ መለወጥ የጀመረው በ1957 ነው። በ1957 እና በ1958 የዓለም ጂኦፊዚክስ ዓመት ታውጆ ከ60 በላይ አገሮች ምድርንና ከባቢዋን በአንድነት ለመለካት ተስማሙ። የስምምነቱ ትልቅ ነገር መሣሪያው ብቻ አልነበረም፤ የተገኘው መረጃ በዓለም የመረጃ ማዕከሎች ተቀምጦ ለሁሉም ክፍት እንዲሆን መወሰኑ ነው። በዚሁ ጊዜ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ። ያቋቋሙትም ካናዳዊው አባ ፒየር ጉዋን ናቸው።

አዲስ አበባ የተፈለገችበት ምክንያት ነበረ። ከመግነጢሳዊው የምድር ወገብ አጠገብ ስለምትገኝ፥ በቀን ጊዜ ከ100 ኪሎ ሜትር ከፍታ በላይ የሚፈሰውን ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ከዚያ ሆኖ ለመከታተል ይመቻል። በ1960ዎቹ ደግሞ አሜሪካ ባቋቋመችው ዓለም አቀፍ የምድር ነውጥ መመዝገቢያ መረብ ውስጥ ጣቢያው ገባ። አሜሪካ ገንዘቡን ያወጣችው በይበልጥ ሌሎች መንግሥታት ከመሬት በታች የሚያፈነዱትን አቶሚክ ቦምብ ለማወቅ ነበር። ሆኖም ጥቅሙ ለእኛም ተርፏል። የመዝገቡ ወረቀት ወደ አሜሪካ ተልኮ ፎቶግራፍ ከተነሣ በኋላ ዋናው ወደ ጣቢያው እንዲመለስ፥ ቅጂውም ለተመራማሪ ሁሉ እንዲሰጥ ሥርዓት ተደርጎ ነበር። ከብሩስ ዘመን ጋር ሲነጻጸር ይህ ምን ያህል መሻሻል እንደሆነ አንባቢ ያስተውላል።

የካራቆሬው የምድር መንቀጥቀጥ በ1961 ብዙ ቤት ባፈረሰ ጊዜ የመዝገቡ ዋጋ ታወቀ። አባ ጉዋንም በ1979 ያሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የምድር መንቀጥቀጥ ታሪክ ከመሣሪያው መዝገብ ብቻ የተገኘ አይደለም። ከ1400 ጀምሮ ያለውን ለማወቅ የነገሥታትን ዜና መዋዕልና የቆዩ ጽሑፎችን መርምረዋል። ያ ስሙ ያልታወቀ ጸሐፊ «በዚህ ወር ምድር ተናወጠች» ብሎ የጻፈው አንድ መስመር፥ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ለሳይንስ መረጃ ሆነ። ከጊዜ በኋላም የጣቢያውን ሥራ እንደ ዶክተር ላዕከ ማርያም አስፋው ያሉ ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት መርተውታል።

ከእንጦጦ እስከ ቡናና አቦል

በ2004 የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ተመሠረተ። በእንጦጦ ተራራ፥ 3200 ሜትር በሚሆን ከፍታ ላይ፥ የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተከሉ። ለዚህ ሥራ ሦስት ሚሊዮን ዶላር ያህል የሰጡት ሼክ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ናቸው። መንግሥትም በ2016 የስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋመ፤ ይህም በኋላ ከካርታ ሥራ ጋር ተዋሕዶ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሆነ። በታኅሣሥ 2019 ከቻይና የተተኮሰችው 72 ኪሎ የምትመዝን የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ወደ ስምንት ሚሊዮን ዶላር ገደማ ስትፈጅ፥ ስድስቱን ሚሊዮን የሰጠችው ቻይና ናት።

በዚያው በ2019 የዓለም ሥነ ፈለክ ማኅበር ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፈለክ እንዲሰይም ዕድል ሲሰጥ፥ የአገራችን ሰዎች ኮከቡን «ቡና»፥ በዙሪያው የሚዞረውን ፈለክ «አቦል» አሉት። ስሙ ያማረ ነው። ነገር ግን ያን ፈለክ ያገኙት በአሜሪካ የሚገኝ ኦብዘርቫቶሪ ተመራማሪዎች ናቸው። እኛ ስም አወጣንለት እንጂ አላገኘነውም፤ የሚቀጥለውን ማግኘት ግን ለዚህ ትውልድ የቀረ ሥራ ነው።

የአፋሩን ዳሎልን ነገር ደግሞ እንመልከት። ሙቀቱ፥ ጨውና አሲዱ ከማርስ የጥንት ጠባይ ጋር ስለሚያመሳስለው፥ ከ2015 እስከ 2019 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተካሄደው ዩሮፕላኔት የተባለ ፕሮግራም ተመራማሪዎች ወደ ደናክል እየሄዱ እንዲያጠኑ ይረዳ ነበር። በ2019 አንዱ ቡድን በዚያ ጥቃቅን ሕያዋን አገኘሁ ሲል፥ ሌላው ቡድን እጅግ አሲዳማና ጨዋማ በሆነው ውሃ ውስጥ ሕይወት የለም አለ። ክርክሩ ያለው በእኛ ምድር ላይ ነው፤ ከተከራካሪዎቹ መካከል የእኛ ልጆች እንዲበዙ መመኘት ግን ብቻውን አይበቃም።

እንጀራው ከወዴት ይመጣል?

አሁን ወደ ወላጆች ጥያቄ እንመለስ። ሥራው ሞልቶ ተርፏል ብለን አናታልልም፤ ቴሌስኮፕ የሚመለከት ሰው ብቻ ሆኖ ደመወዝ የሚያገኝ ጥቂት ነው። ነገር ግን ያው ፊዚክስና ሒሳብ የምድር ነውጥ አጥኚም፥ የአየር ጠባይ ተመልካችም፥ የካርታ ባለሙያም፥ የሳተላይት መሐንዲስም፥ የኮምፒዩተር መረጃ ተንታኝም፥ መምህርም ያደርጋል።

ምሳሌው ሩቅ አይደለም። በ1948 በቦንጋ የተወለዱት ዶክተር ቅጣው እጅጉ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ በተሠራው በባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተምረው፥ በጃፓን የትምህርት ዕድል አግኝተው፥ በመጨረሻ በአሜሪካ በናሳ የመንኮራኩር መሐንዲስ ሆነዋል። ሦስት የውጭ መንግሥታት የከፈሉበት ዕውቀት ነው። እስከ ዕለተ ሞታቸው 2006 ድረስ ስማቸው ያኮራን ነበር፤ መሥሪያ ቤታቸው ግን በአገራቸው አልነበረም። ዛሬ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የዋሸራን ስም የያዘ የምርምር ክፍል አለ፤ ከምድር በላይ ያለውን በኤሌክትሪክ የተመላ የአየር ክፍል ያጠናል። ዩኒቨርሲቲውን ይመሩ የነበሩት ዶክተር ባይሌ ዳምጤም በዚሁ ትምህርት በፊንላንድ ሠልጥነው የተመለሱ ናቸው። የዋሸራ የቅኔ ቤት ስም በራዳር ሥራ ላይ መዋሉ ለጎጃም ልጅ የሚናገረው ነገር አለ።

ሌላም የምሥራች አለ። ናሳ መንኮራኩሮቹ ከማርስ፥ ከመሽተሪና ከሌሎች ፈለኮች ያመጡትን መረጃ በይፋ መዝገብ አስቀምጦ ለዓለም ሁሉ በነፃ ይሰጣል። ብሩስ ከግሽ የወሰደውን ለማየት የጎጃም ሰው ባሕር መሻገር ነበረበት፤ ዛሬ ግን ኮምፒዩተርና መስመር ያገኘ ተማሪ ከደብረ ማርቆስ ሳይነሣ የማርስን ገደል ሊለካ ይችላል። የተዘጋው በር ተከፍቷል፤ የጎደለው የሚገባበት ሰው ነው።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ያገኘነው ትምህርት አጭር ነው። ወጪውን የከፈለ ሰው መዝገቡን ያስቀምጣል፤ መዝገቡን ያስቀመጠም ተማሪ ያፈራል። ገበሬው በቁራሹ ባሕረ ሐሳብን ለትውልድ አቆየ። የእንግዶች ገንዘብ ያመጣውን ጥቅም እናመሰግናለን፤ ነገር ግን እንግዳ ሥራው ሲያልቅ ይሄዳል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ፈለክ እማራለሁ የሚል ልጃችሁን አትከልክሉት፤ በሒሳብና በቋንቋ እንዲበረታ አግዙት። መምህራን ሆይ፥ ግዕዝ የሚያነበውን ተማሪ ከፊዚክስ ተማሪው ጋር አገናኙልን፤ በየአድባራቱ ስለ ግርዶሽ፥ ስለ ጅራታም ኮከብና ስለ ምድር መናወጥ የተጻፈውን አብረው ይፈልጉ ዘንድ። ተማሮች ሆይ፥ እኛም ከዛሬ ጀምሮ የዝናቡን፥ የሙቀቱንና የሰማዩን ሁኔታ በየቀኑ እየለካን በትምህርት ቤታችን መዝገብ እንጻፍ። ለዚህ ደብተርና እርሳስ ከትጋት ጋር ይበቃል። መጪው የበዓል መጽሐፍ ሲታተም፥ ጸሐፊዎቹ የጎጃምን ሰማይ ታሪክ ከጎጃም መዝገብ ላይ ይጽፉት ዘንድ ምኞታችን ነው።